የሕክምና ሒሳብ መርማሪው፦ ከነጻ ወረቀት እስከ ክሊኒካል ኦዲት

አንድ የደዋ ጨፋ ወረዳ ገበሬ ታክሞ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ሕክምናው በወረቀት ላይ ይቀጥላል። ጤና ጣቢያው የካርዱን ቁጥር፣ የተደረገለትን ምርመራ፣ የታዘዘለትን መድኃኒትና የእያንዳንዱን ዋጋ ይመዘግባል፤ ከሌሎች ታካሚዎች ሒሳብ ጋር አጠቃሎም ለወረዳው የጤና መድን የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። እዚያ የተቀመጠ ባለሙያ ጥያቄውን አንድ በአንድ ይመለከታል። ሰውየው አባል ነው? መዋጮውን አድሷል? ሆስፒታል ከሄደ ሪፈር ይዟል? መድኃኒቱ በካርዱ ከተጻፈው በሽታ ጋር ይገናኛል? ዋጋው በውሉ ከተቀመጠው ይበልጣል? አንዱ ካልተሟላ ከሒሳቡ ይቀነሳል። ገበሬው ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽላውን እየጠበቀ ነው፤ ስለ ሕመሙ ሁለተኛ ፍርድ እየተሰጠ መሆኑን አያውቅም።

ሐኪም ያዘዘው ሕክምና ያስፈልግ ነበር ወይ፣ በዚያ ቦታና በዚያ መጠን መሰጠት ነበረበት ወይ ብሎ ገንዘብ ከፋዩን ወክሎ የሚጠይቅ አካል በብዙ አገሮች ትልቅ ተቋም ሆኗል። በእኛ አገር ዕድሜው ገና ለጋ ነው፤ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛና በጥቂት ሠራተኞች የጀመረ ነው። ያም ሆኖ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ይህን መንገድ መከተል የፈለግሁት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። መርማሪው የጋራ ገንዘብን ለመጠበቅ የተፈጠረ ነው፤ በዚህም ያስፈልገናል። መርማሪውን ራሱን ማን ይመረምረው የሚለው ጥያቄ ግን በየደረጃው ወደ ኋላ ሲቀር ኖሯል። የዚህን መቅረት ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሰው ነው፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ከሚሴና ዙሪያዋም ከዚያ ጫፍ ካሉት ናቸው።

በወሎ ሰው ሲሞት የሚደርሰው ቅሬ ነው። መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተናግደው፣ ከለቅሶ የቀረውንም የሚቀጣው እሱ ነው፤ የቅሬ ዳኛ ቃል ይከበራል። ለሞት ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ ለሕመም ተመሳሳይ ማኅበር ያላቋቋመው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ሕክምናው ራሱ ሩቅ መሆኑ ነው፤ ጤና ጣቢያ በሌለበት ለሐኪም ገንዘብ የሚያዋጣ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ከያዝነው ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሞት አያከራክርም። ጀናዛ ከወጣ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ሰውየው በእርግጥ መሞቱን የሚያጣራ ባለሙያ አያስፈልግም። ሕመም ግን ያከራክራል። ማን ታመመ፣ ምን ያህል ታመመ፣ ደሴ መሄድ ነበረበት ወይስ ከሚሴ ይበቃው ነበር፣ መርፌ ያስፈልገው ነበር ወይስ ክኒን? ከጋራ ሣጥን ለሕመም የሚከፍል ማኅበር ይህን ሁሉ የሚዳኝለት አዋቂ ያስፈልገዋል፤ ያ ዳኝነት ደግሞ ከጎረቤት ዓይን በላይ ነው። ቅሬም ሆነ እድር ለታመመ አባል ቃሬዛ ሲሸከም፣ አልፎ አልፎም ሲያበድር ኖሯል፤ የሕክምናውን ሒሳብ ግን ለቤተሰቡ ትቶታል።

መንግሥት በዚህ ሒሳብ ላይ መፍረድ የጀመረው ሕመምን በመመርመር አልነበረም፤ ኪስን በመመርመር ነው። ቀበሌና ገበሬ ማኅበር ለድሃው የነጻ ሕክምና ወረቀት ይጽፉ ነበር። ወረቀቱ የሚጻፈው ሰው ሲታመም ነው፤ በሽተኛው ቃሬዛ ላይ እያለ ዘመድ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ይሮጣል። ሊቀመንበሩ የሌለ እንደሆነ፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት እንደሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ ከእሱ ጋር የተቀያየመ እንደሆነ ድሃነቱ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ሆስፒታሉ በበኩሉ በወረቀቱ ለመከራከር ምክንያት አልነበረውም። ከሚከፍለው የሚሰበስበው ገቢ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል፤ በነጻ ላከመው ደግሞ ምትክ የሚሰጠው የለም። ሒሳብ የሚጠይቅና የሚጠየቅ በሌለበት መርማሪም አይኖርም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም በአንድነት ያጡ ነበር።

ይህን የቀየረው በ1990 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። የስትራቴጂው ሐሳብ የጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው ለመድኃኒትና ለጥገና ያውሉት፣ ሆስፒታሎች በቦርድ ይመሩ፣ ለድሃው የሚሰጠው ነጻ አገልግሎትም ሥርዓት ይኑረው የሚል ነበር። አማራ ክልል ይህን በአዋጅ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ ክልሎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ድሃው ከመታመሙ በፊት በማኅበረሰቡ ተመርጦ ይመዘገባል፤ ላከመው ተቋምም ወረዳው ይከፍላል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ለታሪካችን ግን መነሻው ይህ ነው። ተቋሙ ለወረዳው «ይህን ያህል አክሜያለሁና ክፈለኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ ወረዳው «በእርግጥ አክመሃል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ከዚህ ወጣ ብዬ ሌላ አሮጌ ተቋም ላንሳ። የሕክምና ቦርድ በአገራችን ሐኪም በሐኪም ላይ ፍርድ የሚሰጥበት የቆየ መድረክ ነው። ሠራተኛ በሕመም ሥራ መሥራት ሲያቅተው፣ የጉዳት መጠኑ ለጡረታ ሲታይ፣ በሽተኛ ውጭ አገር ሄዶ ለመታከም የውጭ ምንዛሪ ሲጠይቅ ጉዳዩ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ቦርዱ ይዘገያል፤ ተራው ያሰለቻል፤ ከገጠር ለመጣ ሰው ማደሪያው ራሱ ወጪ ነው። ሆኖም ሦስት መልካም ነገሮች አሉት። ፈራጆቹ ሐኪሞች ናቸው፤ ከአንድ በላይ ናቸው፤ በሽተኛውን ፊት ለፊት ያዩታል። በኋላ የመጡት የክፍያ መርማሪዎች ከዚህ አሮጌ ተቋም ብዙ ሊማሩ ይገባቸው ነበር እላለሁ።

የጤና መድን ሕግ የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002። የጤና መድን ኤጀንሲውን ያቋቋመው ደንብ ቁጥር 191/2003 ተከተለ። አዋጁ ደመወዝተኛውን የሚመለከት ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ የሚጀመርበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። ቀድሞ ሥራ የጀመረው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ተሁለደሬ ሐይቅን የያዘው የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው፤ ስለዚህ ከሚሴ የጤና መድንን መጀመሪያ የሰማችው ከጎረቤት ነው።

በአማራ ክልል የሙከራ ወረዳዎች መዋጮው በነፍስ ወከፍ በወር 3 ብር፣ በዓመት 36 ብር ነበር፤ ሌሎቹ ክልሎች በቤተሰብ ሲያስከፍሉ አማራ በሰው ቁጥር አሰላ። ፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው አንድ አራተኛ የሚሆን ድጎማ ጨመረ፤ መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ሸፈኑላቸው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና አልተካተቱም። አባሉ ታክሞ ሲወጣ አይከፍልም፤ ወረዳው በውሉ መሠረት በኋላ ይከፍላል። ቤተሰቡ በሬ ከመሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪም ደጅ ከመቆም የዳነው በዚህ ነው፤ ይህን ጥቅም አቅልሎ ማየት አይገባም። በ2012 ዓ.ም መጨረሻ አሠራሩ ከ700 በላይ ወረዳዎች ደርሷል።

አሁን ወደ መርማሪው ልመለስ። ክፍያው በአብዛኛው የሚፈጸመው ለተሰጠው አገልግሎት በየዓይነቱ እየተቆጠረ ነው። ብዙ ምርመራ ያዘዘ፣ ብዙ መድኃኒት የጻፈ ተቋም ብዙ ይጠይቃል። በሽተኛው ከኪሱ ስለማይከፍል «ይህን ያህል ለምን?» አይልም፤ እንዲያውም ብዙ መድኃኒት ይዞ መመለስ ያስደስተዋል። የአንዱ አባል ካርድ ለጎረቤቱ ልጅ ሲውል፣ በካርዱ ያልተጻፈ መድኃኒት በሒሳቡ ሲገባ፣ አንድ የሐኪም ማዘዣ ሁለት ጊዜ ሲቀርብ የሚያልቀው የገበሬው ገንዘብ ነው። ወረዳው የሰበሰበው መዋጮ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ሲያልቅ ሆስፒታሎች ለወራት ሳይከፈላቸው ይቆያሉ፤ ያልተከፈለው ሆስፒታል መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል፤ የጤና መድን ካርድ የያዘው አባልም «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ሰው ያዋጣበትን መልሶ ከኪሱ ሲገዛ በሚቀጥለው ዓመት ለማደስ ልቡ አይነሣም። ስለዚህ ማጣራቱ ለሥርዓቱ ሕልውና ወሳኝ ነው።

ማጣራቱ በሁለት ደረጃ አደገ። የመጀመሪያው የወረዳው ሠራተኛ የሚያደርገው የወረቀት ማመሳከር ነው፤ አባልነት፣ ሪፈር፣ ዋጋ፣ ድምር። ሁለተኛው ክሊኒካል ኦዲት የሚባለው ነው። የጤና ባለሙያዎች ወደ ተቋሙ ሄደው ከቀረቡት ሒሳቦች የተወሰኑትን በናሙና ያወጣሉ፤ ካርድ ክፍል ገብተው የበሽተኛውን ካርድ ያስወጣሉ፤ የተጻፈው ታሪክ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና የታዘዘው መድኃኒት ይጣጣሙ እንደሆነ ያያሉ። የኤጀንሲው ቅርንጫፎች፣ በምሥራቅ አማራ ደግሞ የደሴው ቅርንጫፍ፣ ወረዳዎቹን በዚህ ይደግፋሉ። ኤጀንሲው ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል።

ክሊኒካል ኦዲት በጥሩ እጅ ሲሆን ከገንዘብ ጥበቃ ያለፈ ጥቅም አለው። ወባ ሳይገኝበት የወባ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው፣ ለተራ ጉንፋን ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን የሚሰጠው ሕፃን የሚታየው በካርድ ምርመራ ነው። ወባ የኖረ ጠላት በሆነበት፣ በከሚሴ ዙሪያ ባለው የቦርከና ሸለቆ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በደከመ እጅ ሲሆን ግን ኦዲቱ የጽሕፈት ምርመራ ብቻ ይሆናል። ባለሙያው በቀን የሚያያቸው በሽተኞች ብዛት እየታወቀ፣ ሳይጽፍ ያለፈው አንድ መስመር ሕክምናው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። የተቀነሰው ብር የሚጎድለው ከጤና ጣቢያው መድኃኒት መግዣ ነው፤ ጤና ጣቢያውም በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠነቀቀው ለበሽተኛው ሳይሆን ለኦዲተሩ ይሆናል። የሚያስፈራው ይህ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን እያየ ኦዲተሩን ማሰብ ሲጀምር ፍርዱ ካርዱ ሳይመረመር በፊት ተሰጥቷል።

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን አቀማመጥ ይህን ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያከብደዋል። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ባቲና ደዌ ሐረዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳናና ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ተዘርግተዋል። ዋና ከተማዋ ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ደሴ ከእሷ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። የመድኑ ሕግ በሽተኛው በደረጃ እንዲሄድ ያዝዛል፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደሴ። ሪፈር ሳይጻፍለት ደረጃ የዘለለ አባል ወጪውን ሙሉውን ወይም ከፊሉን ራሱ ይሸፍናል። በሕጉ መንፈስ እስማማለሁ፤ ጉንፋን ይዞት ደሴ የሚሄድ ሰው የሌላውን ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ሕጉ የወረዳን ወሰን ተከትሎ የተሰፋ ነው፤ የሰዉ ኑሮ ደግሞ ገበያን ይከተላል። የሰንበቴ ሰው ለአጣዬና ለሸዋ ሮቢት ይቀርባል፤ እነሱ ያሉት በሰሜን ሸዋ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ሲቆም ከአፋር የሚወጣው እረኛና ከደጋ የሚወርደው ገበሬ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋርን፣ የአርጎባንና የኦሮሞን ከብት በአንድ ላይ ያሰማራል። ከብቱን ተከትሎ ከወረዳው ወሰን ውጭ የታመመ ሰው የያዘው ካርድ እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ውል የለውም። መርማሪው ወረቀቱን ሲያይ «ያለ ሪፈር፣ ውል በሌለበት» ብሎ ይጽፋል፤ እንደ ደንቡ ትክክል ነው፤ እንደ እኔ ግን ስሕተቱ የደንቡ እንጂ የእረኛው አይደለም።

ሌላው ቋንቋ ነው። በዞኑ የመሥሪያ ቤት ሥራ በአፋን ኦሮሞ ይሠራል፤ ደሴ ሲደረስ ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ሐኪሙ ካርዱንና ሪፈሩን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት የአርጡማ ፉርሲ እናት ሕመም የተጻፈው ማስረጃ በሦስት ቋንቋ ውስጥ አልፎ መርማሪው ዘንድ ይደርሳል፤ እሷ ግን አንዱንም ገጽ ማንበብ ላትችል ትችላለች። ወረዳው ወጪውን አልሸፍንም ቢል ምክንያቱን የሚነግራት ማን ነው? ብዙ ጊዜ የምትሰማው ከካርድ ክፍሉ መስኮት፣ በቃል፣ ተራ ከሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። በጽሑፍ ያልተሰጣትን ምክንያት ይዛ ቅሬታ ልታቀርብ አትችልም።

ቅሬታ ብታቀርብስ? በሙከራው ጊዜ በተዘረጋው አደረጃጀት የመድኑን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም በብዙ ቦታ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተሳስሮ ይሠራል። ያው ጤና ጽሕፈት ቤት ጤና ጣቢያዎቹን ያስተዳድራል። አገልግሎት ሻጩ፣ አገልግሎት ገዢውና ቅሬታ ሰሚው በአንድ ግቢ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሲጀመር ይህ ግዴታ ነበር፤ ወረዳ ውስጥ ሌላ የተደራጀ ክንድ አልነበረም፤ አስተዳዳሪው ባይገፋበት መዋጮም አይሰበሰብም ነበር። ለሙከራ የበጀ ነገር ለዘለቄታ ይበጃል ማለት ግን አይደለም። ከ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ወዲህ እንኳ የዞኑ ሕዝብ በብዙ አድጓል፤ ያኔም ከ450 ሺህ በላይ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ከሚሴ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች፤ ደሴና ኮምቦልቻም በተመሳሳይ ቀናት ተያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ። በዚህ መስመር ያሉ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የደሴ ሆስፒታል ጉዳት በይፋ የታወቀ ነው። ማሽን ሲዘረፍ ሁሉም ያያል። ካርድ ሲበተን፣ መዝገብ ሲቃጠል ግን የሚጠፋው የሰው የሕመም ታሪክና የተቋሙ የክፍያ ማስረጃ አንድ ላይ ነው። ማስረጃ የሌለውን ሒሳብ የሚያጸድቅ መርማሪ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ግን ጤና ጣቢያው በዚያ ወር የሰጠውን ሕክምና ማን ይመስክርለት? እንዲህ ላለው ክፉ ቀን የተለየ የማጣሪያ ሥርዓት አስቀድሞ መጻፍ ነበረበት። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ይህን ፍላጎት አላነሰውም፤ መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በሰፊው ዓለም ይህ ተቋም በግል እጅ ሲገባ ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅመናል፤ እኛም ወደዚያው እየሄድን ነውና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን የመንግሥት መድን ስታቋቁም ሆስፒታሎች የአልጋ አጠቃቀማቸውን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲኖራቸው አስገደደች። ኮሚቴዎቹ የራሳቸውን ባልደረቦች ስለሚመረምሩ ጥርስ አልነበራቸውም፤ በ1972 ከሆስፒታል ውጭ የሆኑ የሐኪሞች ገምጋሚ ድርጅቶች በሕግ ተቋቋሙ። በ1980ዎቹ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸው የሕክምና ወጪ ሲያሻቅብባቸው የግል መርማሪ ኩባንያዎችን መቅጠር ጀመሩ። በሩቅ ከተማ የተቀመጠች ነርስ በስልክ «በሽተኛው ለስንት ቀን ይተኛል? ለምን?» ትጠይቃለች፤ መልሱ ካላሳመናት ለኩባንያው ሐኪም ታስተላልፋለች፤ እሱም በሽተኛውን ሳያይ ይወስናል። ንግዱ አደገ፤ ሕግ ግን አልነበረውም።

ነገሩን ለሕዝብ ያጋለጠው የዊክላይን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ዊክላይን የተባለች ሴት በእግሯ የደም ሥር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሟ ስምንት ተጨማሪ ቀን እንድትተኛ ጠየቀ፤ የክፍለ ግዛቱ የድሆች መድን መርማሪ አራት ፈቀደ። ወደ ቤቷ ሄደች፤ ቁስሉ ከፋ፤ ተመልሳ ገብታ እግሯ ተቆረጠ። በ1986 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መድኑን ነጻ አደረገው፤ ምክንያቱ ሐኪሞቹ በአራቱ ቀን ውሳኔ ላይ ተቃውሞ አለማቅረባቸው ነበር። ግን ሌላም ነገር አለ። ወጪ ለመቀነስ የተዘረጋ አሠራር በአወቃቀሩ ወይም በአፈጻጸሙ ጉድለት በሽተኛን ከጎዳ ከፋዩ ሊጠየቅ እንደሚችል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛቶች አንድ በአንድ ሕግ አወጡ። መርማሪው ይመዝገብ፤ በሥራ ሰዓት ስልኩን ያንሣ፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ይስጥ፤ ሕክምና አያስፈልግም የሚለውን ውሳኔ ሐኪም ይፈርምበት፤ ይግባኙን በዚያው ሙያ የሠለጠነ ሌላ ሐኪም ይየው አሉ። ሕጉ የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ለከሚሴ ቤተሰቦች ግን ከካሊፎርኒያ ይልቅ ሪያድና ጅዳ ይቀርባሉ፤ ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ሄዶ ያልሠራ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ሳዑዲ በግል ድርጅት ለሚሠራ የውጭ ዜጋ የጤና መድንን ግዴታ አድርጋለች፤ የሚቆጣጠረውም የጤና መድን ምክር ቤት ነው። እዚያ ሐኪሙ ውድ ምርመራ ሲያዝ ሆስፒታሉ ከመድን ኩባንያው ሙዋፈቃ፣ ፈቃድ ማለት ነው፣ ይጠይቃል። ምክር ቤቱ ኩባንያው በ60 ደቂቃ ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንግጓል። በመድን ተሸፍኖ የሠራ የወሎ ልጅ ይህን ወረቀት ያውቀዋል። በመንደሩ ግን የተቀነሰ ሒሳብ ምክንያት በስንት ቀን ውስጥ ይነገራል ተብሎ ሲጠየቅ አልተሰማም።

የግል መርማሪ በኢትዮጵያም አለ። መድን ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም ተወርሰው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 86/1986 የግል መድን ድርጅቶችን በር ከፈተ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 746/2004 ተተካ። ዛሬ ባንኮች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የቡድን የሕክምና ዋስትና ይገዛሉ። በከሚሴ ቅርንጫፍ ያለ የባንክ ሠራተኛ ውል ያለው የግል ሆስፒታል በአቅራቢያው ከሌለ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኙን ይልካል፤ አዲስ አበባ ያለ የመድን ድርጅቱ ባለሙያ የትኛው እንደሚተካለት ይወስናል። መድን ድርጅቱን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኩ ካፒታሉን፣ መጠባበቂያውን፣ የመክፈል አቅሙን ያያል፤ «ይህ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም» የሚለው ውሳኔ በሕክምና ዕውቀት ትክክል መሆኑን መፈተሽ የባንክ ባለሙያ ሥራ አይደለም። በሌላ በኩል የጤና ቁጥጥሩ፣ ከአዋጅ 661/2002ና ከደንብ 299/2006 ጀምሮ፣ በተቋሙና በሽተኛውን በሚያክመው ባለሙያ ላይ ያተኮረ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴውም የሕክምና ስሕተትን ይሰማል። በሽተኛውን ሳያይ በቢሮው «አይከፈልም» ያለው ሐኪም በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይቆማል።

ክፍተቱ ከእንግዲህ እየሰፋ ይሄዳል። አዲሱ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሥራ ላይ ሲውል መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ጡረተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ የክፍያ ጥያቄ ይሆናሉ። ያን ሁሉ ወረቀት በየወረዳው ባለ ጥቂት ሰው መመርመር አይቻልም፤ ሥራውን ለኮምፒውተር ወይም ለግል ኩባንያ የመስጠት ግፊት መምጣቱ አይቀርም። እኔ ሁለቱንም አልቃወምም። ኮምፒውተር ድርብ ሒሳብን ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ያገኛል። ሕክምና መከልከልን ግን ብቻውን እንዲወስን መተው አይገባም፤ ካሊፎርኒያ ከዊክላይን አርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ፣ ይህንኑ በሕግ ከልክላለች።

ስለዚህ ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት ደንቡ ይውጣ። የሚቀነስ ሒሳብ ሁሉ በጽሑፍ ምክንያት ይኑረው፤ ለተቋሙ ብቻ ሳይሆን ለአባሉም፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በዚህ ዞን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይድረሰው። ሕክምናው አያስፈልግም ነበር የሚለው ውሳኔ ላይ ፈቃድ ያለው ሐኪም በስሙ ይፈርም፤ ስሙን የጻፈ ሰው ካርዱን ደግሞ ያነባል። መርማሪው በቀነሰው ብር ልክ አይከፈለው፤ ይህ አንዱ አንቀጽ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ድንገተኛ ሕመም፣ ወሊድና የመንገድ መዘጋት ሪፈርን አይጠብቁ። ከብቱን ተከትሎ ወሰን የተሻገረው እረኛ በደረሰበት ጤና ጣቢያ ይታከም፤ ሒሳቡን ወረዳዎቹ እርስ በርስ ይተሳሰቡ።

ቅሬታ ሰሚው ደግሞ ከወረዳው ግቢ ይውጣ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ ሁለት ሐኪም፣ ከከሚሴ ሆስፒታል አንድ፣ ከአባላቱ የተመረጡ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ የቅሬ ጉዳይ የምታውቅ ሴት፣ በወር አንድ ቀን ከሚሴ ላይ ቢሰየሙ የሦስት ቋንቋውን ወረቀት በእናቲቱ ፊት ከፍተው ያነቡታል። የሕክምና ቦርድ ይህን የፊት ለፊት ሥርዓት ለመንግሥት ሠራተኛው ሲሰጥ ኖሯል። ለገበሬዋ ለመስጠት የሚጎድለው የክልሉ ምክር ቤት ውሳኔና ለሐኪሞቹ የሚከፈል የአንድ ቀን አበል ነው።